ማሳሰቢያ፦ ከጣርማ በር ቁልቁል በአማካይ አይወረድም

ይህ ማሳሰቢያ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በደብረ ሲናና በዙሪያቸው ለምትኖሩ ሁሉ ነው። መኪና ለምትነዱ፣ በግ ለምታደልቡ፣ ዕቅድ ለምታወጡ፣ በስብሰባ ላይ ሪፖርት ለምትሰሙ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጁም ጭምር። «በዓመት በአማካይ ይህን ያህል አደገ»፣ «በቀን በአማካይ ይህን ያህል ጨመረ»፣ «በኪሎ ሜትር በአማካይ ይህን ያህል ይወርዳል» ሲሏችሁ፣ ያ ቁጥር ከሁለት ነጥብ ብቻ የተሠራ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከመነሻውና ከመድረሻው። በመካከል የሆነውን አያውቅም። ከመድረሻው ወዲያ የሚመጣውንማ ጨርሶ አያውቅም።

ስሌቱን ተማሪዎች «አቨሬጅ ሬት ኦፍ ቼንጅ» ይሉታል፤ አማካይ የለውጥ ፍጥነት ማለት ነው። አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር አብሮ ሲለዋወጥ፣ ለምሳሌ ከፍታ ከርቀት ጋር፣ ክብደት ከቀን ጋር፣ የሕዝብ ብዛት ከዓመት ጋር፣ የሒሳብ መምህሩ ያንን ዝምድና ፈንክሽን ይለዋል። መድረሻው ላይ ካለው ዋጋ መነሻው ላይ ያለውን ትቀንሳላችሁ፤ ልዩነቱን በመካከላቸው ላለው ርቀት ወይም ጊዜ ታካፍላላችሁ። አለቀ። አንድ ቅነሳ እዚህ፣ አንድ ቅነሳ እዚያ፣ አንድ ማካፈል። ማንም ሰው በስልኩ ስለሚሠራው ማንም ሰው በድፍረት ይናገረዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከመንገዱ እንነሣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት። አንኮበር 2,465 ሜትር ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከፍታው ልዩነት 375 ሜትር ሲሆን ለ40 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 9 ሜትር ከምናምን ይደርሳል። በ100 ሜትር ጉዞ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቁልቁለት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ሰምቶ የመጣ እንግዳ መንገዱ ሜዳ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አገሩን የሚያውቅ ግን መኪናው መጀመሪያ እንደሚወጣ እንጂ እንደማይወርድ ያውቃል። የደጋው ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሰው ቢያንስ 160 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያንስ 535 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ያ ሁሉ ቁልቁለት የተከመረው ከጠርዙ እስከ አንኮበር ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። አማካዩ ሽቅቡን ከቁልቁሉ ላይ ቀነሰና የተረፈውን 375 ሜትር ለ40ው ኪሎ ሜትር እኩል አደለው። በዚያ መንገድ ላይ በኪሎ ሜትር 9 ሜትር ብቻ የሚወርድ ቦታ ብትፈልጉ ጥቂት ታገኙ ይሆናል፤ የሚያስጨንቃችሁ ቦታ ግን እሱ አይደለም።

የባሰው በደሴው መንገድ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ስለሆነች ልዩነቱ 1,560 ሜትር ነው፤ በኪሎ ሜትር 16 ሜትር አካባቢ። ነገር ግን መንገዱ ደብረ ብርሃንን ለቆ እስከ ጣርማ በር ድረስ በደጋው ላይ ይሄዳል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን የፈለፈለበት ዋሻ ዘንድ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች 45 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ በኪሎ ሜትር ወደ 40 ሜትር። መነሻውን ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስላዛወርነው ብቻ ቁልቁለቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው፤ አንድ ድንጋይ አልተነሣም።

ይህም ቢሆን ገና አማካይ ነው። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለውን ብቻ ለይታችሁ ብታሰሉት ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ሮቢት ሜዳው ላይ የሚያርፈውን ለይታችሁ ብታሰሉት ደግሞ ሌላ። ርቀቱን እያሳጠራችሁ፣ ከ45 ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 100 ሜትር ስትወርዱ ቁጥሩ ጎማው አሁን ወደረገጠው ቁልቁለት ይጠጋል። በሒሳብ የካልኩለስ መጀመሪያው ይኸው ነው፤ ርቀቱን አሳጥሮ አሳጥሮ የነጥቡን ፍጥነት ማግኘት። የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ያለ ካልኩለስ ያውቀዋል። ፍሬን የሚግለው በአማካዩ ቁልቁለት አይደለም፤ በከፋው ነው። ስለዚህ ጭነት ይዛችሁ ከጣርማ በር የምትወርዱ ሁሉ ማርሻችሁን ለከፋው ቁልቁለት ምረጡ፤ ከባዱን ማርሽ ከዋሻው ሳትርቁ አስገቡ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በነጻ ማርሽ አትልቀቁት። ስልክ ላይ የሚታይ ካርታ «ጠቅላላ ቁልቁለት ይህን ያህል» ካላችሁ በጫፍና በጫፍ መካከል ያለውን ብቻ እንደነገራችሁ ቁጠሩት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጥቶ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከ አንኮበር በአየር መስመር እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዜሮ ተነሥቶ 2,465 ሜትር ለመድረስ በኪሎ ሜትር 6 ሜትር የማይሞላ ሽቅብ ይበቃል፤ ግመል ሳይሰማው የሚወጣው ነው። ሆኖም ግመሎቹ ጭነታቸውን ያራገፉት ከተራራው ግርጌ ፋሬ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ሰው ተሸክሞ ወጣ። የበረሃው ዝርግነትና የአንኮበር ገደል በአንድ ላይ ሲካፈሉ ግመሉ ለምን እንደቆመ የሚነግር ቁጥር አይገኝም። የሸዋ ነገሥታትም አንኮበርን የመረጡት ስለዚያ ገደል ነበር እንጂ ስለ አማካዩ አልነበረም።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ስለሚጠፋ ረዘም አድርጌ ብናገር ይፈቀድልኝ።

በሰሜን ሸዋ የበግ ማድለብ ብዙ ወጣት ተስፋ የጣለበት ሥራ ነው። የመንዝ በግ ሰውነቱ ትንሽ፣ ብርድ የሚችል፣ ጸጉራም በግ ነው፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ዝርያውን ለማሻሻል ለረጅም ጊዜ ሠርቶበታል። አድላቢዎች ሥራቸውን የሚለኩበት ዋናው ቁጥር አማካይ የቀን የክብደት ጭማሪ ነው። ሲሸጥ ከመዘነው ሲገዛ የመዘነው ተቀንሶ ለቀኑ ብዛት ይካፈላል። መለኪያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን መቼ መሸጥ እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ብዙዎች ግን የሚጠይቁት እሱን ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተመረጠ ነው። አንድ በግ በ18 ኪሎ ተገዛ፤ 90 ቀን ተቀልቦ 27 ኪሎ ሆነ። ጭማሪው 9 ኪሎ፣ አማካዩ በቀን 100 ግራም። በቁም ሲሸጥ ኪሎው 300 ብር ያወጣል እንበል፤ ለፉርሽካው፣ ለፋጉሎው፣ ለድርቆሹና ለቢራ አተላው በቀን 25 ብር ይወጣል እንበል። 100 ግራም 30 ብር ነው። ስለዚህ በቀን 5 ብር ትርፍ፤ በ90 ቀን 450 ብር። አድላቢው ደብተሩን ዘግቶ «ሥራው ያዋጣል፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዙር 120 ቀን አቆየዋለሁ» ይላል።

ይኸው በግ በየወሩ ተመዝኖ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ይታይ ነበር። ከስቶ የተገዛ በግ ጥሩ መኖ ሲያገኝ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይመለሳል፤ ኋላ ላይ ሰውነቱ ይሞላና ጭማሪው ይቀንሳል፤ የሚበላው ግን አይቀንስም። በመጀመሪያው 30 ቀን 5 ኪሎ ጨመረ እንበል፤ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 1 ብቻ። ድምሩ ያው 9 ኪሎ፣ አማካዩም ያው 100 ግራም ነው። ገንዘቡን በየወሩ አስቡት። በመጀመሪያው ወር 1,500 ብር ገባ፣ 750 ወጣ፤ 750 ተረፈ። በሁለተኛው 900 ገባ፣ 750 ወጣ፤ 150 ተረፈ። በሦስተኛው 300 ገባ፣ 750 ወጣ፤ 450 ኪሳራ። በ60ኛው ቀን የሸጠ ሰው 900 ብር ያተርፋል። እስከ 90 የጠበቀው 450። ሦስተኛው ወር የትርፉን ግማሽ በላበት፤ ደብተሩ ግን ሁለቱን ወራት ከሦስተኛው ጋር ደባልቆ «በቀን 5 ብር» እያለ ያጽናናዋል። 120 ቀን አቆየዋለሁ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ማስላቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እርግጥ በዓል ሲቃረብ የኪሎው ዋጋ ራሱ ይነሣል፤ ለፋሲካ ብሎ የያዘን ሰው ሞኝ አንለውም። እሱም ቢሆን ጥያቄው የአንድ ወር ጥያቄ ነው፤ የመጨረሻው ወር ብቻውን ያዋጣል ወይ? ያለፉት ወራት ትርፍ ለዚህ ወር ዋስ ሊሆን አይችልም። በጉን በየ15 ቀኑ ወይም በየወሩ መዝኑት፤ የመጨረሻውን ጭማሪ ለብቻው ጻፉት፤ እሱ ከመኖው ወጪ በታች ሲወርድ ገበያ አውጡት።

ሌላም ነገር አለ። አማካዩ በሁለት ሚዛን ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ከተዛባ ሁሉም ይዛባል። ጠዋት ባዶ ሆዱን ተመዝኖ የገባ በግ፣ በልቶና ጠጥቶ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ውኃና መኖ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይሆናል። በ90 ቀን ሲካፈል በቀን 22 ግራም ነው፤ ሥጋ ያልሆነ ጭማሪ። ሽያጭ ሊቃረብ ሲል ጨው አልሶ ውኃ የሚያጠግብ ነጋዴ እንዳለ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስትገዙም ስትሸጡም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሁኔታ መዝኑ። ለማድለብ ብድር ወይም ሽርክና የምትገቡም «በቀን ይህን ያህል ግራም» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በጉ በልቶ ነበር ወይስ ጾሙን ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የከተማ ዕቅድ ነው። የደብረ ብርሃን ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 38,717 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 65,231። ልዩነቱ 26,514 ሰው ነው። በዓመት ስንት? ከ1999 ላይ 1987 ሲቀነስ 12 ስለሚሆን 2,209 ይመጣል። የፈረንጁን አቆጣጠር የያዘ ሰው ግን ቆጠራዎቹን 1994 እና 2007 ብሎ ያውቃቸዋል፤ ልዩነቱ 13፣ አማካዩ 2,039። ሁለቱም ሰዎች ትክክለኛ ቅነሳ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987፣ ሁለተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ነበር። መካከላቸው 12 ዓመት ከ7 ወር ከምናምን ነው፤ አማካዩም 2,100 ሰው ያህል። በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነንና ይህ ወጥመድ ለእኛ ተብሎ የተቀበረ ይመስላል። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ትምህርት ቤት ዓመቱን ከመስከረም ይቆጥራል፤ የውጭ ረጂ ብዙውን ጊዜ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ ይጀምራል። ሪፖርት የምታዘጋጁ፣ የምታካፍሉበት ቁጥር የዓመት ስሞች ልዩነት ሳይሆን ያለፈው ጊዜ ይሁን።

ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ የሚመጣው ቁጥሩን ከጫፉ ወዲያ ስንጎትተው ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም፤ አራተኛው ቆጠራ ሲቀጠርና ሲራዘም ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ከተማዋ የሚነገር ቁጥር ከአሮጌው ፍጥነት የተጎተተ ግምት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ግምቱ እንዴት እንደሚለያይ ተመልከቱ። በዓመት 2,100 ሰው እየጨመረች ቀጠለች ካልን ከቆጠራው 18 ዓመት በኋላ 103 ሺህ ገደማ ትሆናለች። በመቶኛ አድጋለች ካልን ደግሞ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የነበረው ዕድገት በዓመት 4.2 በመቶ ያህል ነው፤ በዚሁ ብትቀጥል 137 ሺህ ገደማ። በአንድ ዓይነት ማስረጃ፣ በአንድ ዓይነት ዘመን፣ የ34 ሺህ ሰው ልዩነት። የ34 ሺህ ሰው የውኃ መስመር ማለት ነው፤ የ34 ሺህ ሰው ቆሻሻ፣ የ34 ሺህ ሰው መኝታ።

ሁለቱም ግምቶች ግን የሚያውቁት ያኔ የነበረችውን ከተማ ነው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋና ከአረቄዋ ጋር ስሟ ይነሣ የነበረችውን ደብረ ብርሃን ነው የሚያውቁት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል የጀመረው ቆጠራው በተደረገበት በ1999 ዓ.ም. ነው። የቢራ ፋብሪካዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከዚያ በኋላ ተሠራ፤ ከየቦታው የተፈናቀሉ ወገኖች በመጠለያ የሰፈሩትም ከዚያ በኋላ ነው። ከ1987 እስከ 1999 ያለው አማካይ ከእነዚህ አንዱንም በቅጡ አላየም። ለቤት ኪራይ፣ ለቦታ ሊዝ፣ ለትምህርት ቤት ግንባታ ይህን ዓይነት ቁጥር መሠረት አድርጎ የሚሟገታችሁ ሰው ካለ፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን ንገሩት።

ብርዱንም እናንሣ፤ ደብረ ብርሃን ተጠርታ ብርድ ሳይነሣ አይቀርምና። ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይና ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሙቀት መለኪያው እኩል ቢያሳይ አማካይ ለውጡ ዜሮ ነው። በመካከል ግን ሌሊቱ አለፈ፤ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ወረደ፤ ጠዋት ባቄላው ጠቁሮ ተገኘ። ለውጡ ዜሮ ነው የተባለለት ቀን ማሳውን ይዞ ሄደ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ሰብል ማሳ ላይ ያላችሁ ገበሬዎች፣ የወሩን አማካይ ሙቀት ሰምታችሁ አትዘናጉ፤ የሌሊቱን ዝቅተኛ ጠይቁ።

በደብረ ሲና ተዳፋት ላይ ለምትኖሩም እንዲሁ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ተዳፋት ለዓመታት በጥቂቱ እየተሳበ ቆይቶ ከከባድ ዝናብ በኋላ በአንድ ጊዜ ሊሄድ ይችላል፤ የዓመቱ አማካይ ለዚያች ሌሊት ምንም አይናገርም። በግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ መስመር፣ ያዘመመ ዛፍ፣ ቦታውን የለወጠ ምንጭ ስታዩ ለቀበሌው አስታውቁ። ክረምቱ ሲበረታ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ» ብላችሁ አትቀመጡ።

እስካሁን ያልሁትን ሰምቶ አማካይ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል እንዳይኖር፣ የሚጠቅምበትንም ልናገር። አማካይ የት እንደሆነ ባይነግርም፣ መሆኑን ግን አስረግጦ ይነግራል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌር በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ አደረሳችሁ እንበል፤ አማካዩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው። «ከ80 አላለፍሁም» ቢላችሁ እንዳትቀበሉት። መኪና ፍጥነቱን ሳይዘል ቀስ በቀስ ስለሚለውጥ፣ መንገዱ ላይ ቢያንስ በአንድ ቅጽበት መለኪያው ልክ 100 ላይ ነበር። ይህ በላግራንዥና በኮሺ ስም የሚታወቅ የተረጋገጠ የሒሳብ ሕግ ነው፤ ተማሪዎች ሚን ቫሊዩ ቲዎረም ይሉታል። ጣሊያኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈጣን መንገዶቻቸው ላይ ያኖሩት ቱቶር የተባለ መቆጣጠሪያም በዚሁ ይሠራል፤ መኪናው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መዝግቦ አማካዩን ያሰላና ይቀጣል።

ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። በሁለት ሰዓት ተኩል ያደረሳችሁ ሾፌር አማካዩ 52 ነው፤ ይህ ንጽሕናውን አያረጋግጥም። ሸኖ ላይ ቁርስ በልቶ ግማሽ ሰዓት አቃጥሎ፣ ያንን ለማካካስ ጫጫን በ110 አልፎ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ አማካይ ጥፋትን ያጋልጣል፤ ዝቅተኛ አማካይ ግን ነጻ አያወጣም። ተሳፋሪዎች፣ «በሰዓታችን ነው የደረስነው» የሚለውን ማስተባበያ ሰምታችሁ ዝም አትበሉ፤ በመንገድ ላይ እያላችሁ ተናገሩ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተ ጥቂት ብቻ። ቅነሳው ላይና ታች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይኑረው፤ ላይ ከመድረሻው መነሻውን ቀንሳችሁ ታች ገልብጣችሁ ከቀነሳችሁ ምልክቱ ይገለበጣል፣ የሚወርደው መንገድ የሚወጣ ይሆንባችኋል። መነሻው አሉታዊ ቁጥር ከሆነ ቅንፍ አትርሱ። ሌላው አሳሳች ነገር የጫፎቹን ፍጥነቶች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። በሁለተኛ ርቢ ላይ ይሠራል፤ በመሥራቱም ያታልላል። ቁጥርን ሦስት ጊዜ በራሱ የሚያባዛውን ፈንክሽን ከ1 እስከ 4 ውሰዱ፤ 64 ሲቀነስ 1 ሲካፈል ለ3፣ 21 ነው። የጫፎቹ ፍጥነቶች ግን 3 እና 48 ናቸው፤ አማካያቸው 25.5። በመንገድም ቢሆን ያው ነው። 40ውን ኪሎ ሜትር ወደ አንኮበር በ1 ሰዓት ሄዳችሁ በ2 ሰዓት ብትመለሱ፣ የ40 እና የ20 አማካይ 30 ነው ብላችሁ አትጻፉ። 80 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት ነው የሄዳችሁት፤ ከ27 አይበልጥም።

በመጨረሻም ለከተማው አስተዳደር፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለማኅበራትና ለመገናኛ ብዙኃን የምናቀርበው ጥያቄ አለ። «በአማካይ» የሚል የዕድገት ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሪፖርት ወይም በሬዲዮ ስታወጡ፣ የመነሻውንና የመድረሻውን ቁጥር ከነቀናቸው፣ ከነዘመን አቆጣጠራቸው አብራችሁ አውጡ። ግምት ከሆነም ከየትኛው ዓመት ተነሥቶ እንደተገመተ ጻፉ። ሁለት መስመር ቢጨምር ነው። ሕዝቡም ይህ ተሟልቶ ያልቀረበለትን ቁጥር በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያጽድቅ።